ሙት ወቃሽ አያድርገኝና



በአገራችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ነገር ሊናገር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚላት ቃል አለች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። በዚህች ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» አንዲት ፊደል ብቻ ብትሆንም ብዙ ሥራ ትሠራለች። ተናጋሪው ሙትን መውቀስ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ነውር መሆኑንም በአንደበቱ ይመሰክራል፤ ከ«ና» በኋላ ግን ወቀሳውን ይቀጥላል። እንግዲህ ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ እንድንናገር ፈቅዶልናል ማለት ነው፤ ሙት እንዲከበር፣ በደልም እንዳይረሳ።

በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ይህንኑ ነው። ስሙ በአገር የታወቀ ሰው፣ ደግ የተባለም ይሁን ጨካኝ፣ ሲሞት ሕዝብ ምን ይሆናል? ማን ያለቅሳል? ማን እልል ይላል? ማንስ ዝም ይላል? ጥያቄው የመጣው ከውይይት ክፍላችን ነው። አንዱ ወንድማችን «ሲያስጨንቀን የኖረ ሰው ሲሞት ደስ ቢለን ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ ያን ዕለት አላለቀም፤ በሚቀጥለውም እሑድ አላለቀም። ስለዚህ ነገሩን በቃል ክርክር ብቻ ከመተው፣ ታሪክን እያመሳከርን በጽሑፍ ልናቀርበው ወሰንን።

መጀመሪያ ከምናውቀው እንነሣ። በኡካም ሆነ በመቱ፣ በሁሩሙም ሆነ በቡሬ፣ የጎረቤት ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ የሚጠፋው የለም። ገና ሳይነጋ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ቡና ይቆላሉ፤ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ የሰው ወሰን ሲገፋና በሐሰት ሲመሰክር የኖረ ቢሆን እንኳ ድንኳኑ ይተከላል። የእድር ዳኛ የሟችን ጠባይ መርምሮ ድንኳን ሲከለክል አልሰማንም፤ የሚጠይቀው ወርኃዊው መዋጮ መከፈሉን ብቻ ነው። (እርሱን እንኳ አንዳንዱ ዳኛ ጠበቅ አድርጎ ይጠይቃል።) ትልልቆቻችን ለቅሶ የሚደረሰው ለቋሚ ነው ሲሉ ይህንን ማለታቸው ነው። ሟች የመጣውንና የቀረውን አይቆጥርም፤ ልጁና ሚስቱ ግን ይቆጥራሉ።

ችግሩ የሚመጣው ሟቹ በዓይናችን አይተነው የማናውቀው፣ ነገር ግን በኑሯችን ላይ ሲያዝ የነበረ ሰው ሲሆን ነው። መርዶው በጥሩምባ ሳይሆን በራዲዮ ይመጣል። አገር በሙሉ ለቀስተኛ ይሆናል፤ ለዚያ የሚሆን እድር ግን የለም፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ዳኛም የለም። ስለዚህ ያን ባዶ ቦታ መንግሥት ይይዘዋል፤ አልቅሱ ወይም አታልቅሱ የሚል ትእዛዝ ይወጣል።

ከትእዛዞቹ ሁሉ ቀደም ያለው «አልሞተም በሉ» የሚለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት በጽኑ ሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። ለወራሻቸው ለልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት የኛው የኢሉባቦር ገዥ ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1903 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ቀድመው ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ባረፉ ጊዜ ሞታቸው ለሕዝብ በአዋጅ አልተነገረም። ቤተ መንግሥቱ የፈራው ሁከትን ነበር፤ በዚያ ዘመን ንጉሥ ሞተ ከተባለ መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ይፈታል። ምክንያቱ አይገባንም አንልም። ሆኖም ዐድዋ ድረስ ተከትሏቸው የዘመተ ወታደር ለጌታው በጊዜው ደረቱን ሳይመታ ቀረ።

«አታልቅሱ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ወላጆቻችንና አያቶቻችን በዕድሜያቸው ያዩት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ወደ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከመካከላቸው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም እጄን አልሰጥም ብለው በቤታቸው የተገደሉት ያን ጊዜ ነው። ነገሩ በማግስቱ በራዲዮ ተነገረ። የሕዝቡ ስሜት አንድ አልነበረም። ወሎ በረኃብ ሲያልቅ ዝም ብለዋል የተባሉ ባለሥልጣኖች ነበሩበትና «የእጃቸውን አገኙ» ያለ ነበረ። በኛም አገር ጢሰኛ ሆኖ ከምርቱ ለባለ መሬት ሲያካፍል የኖረ ገበሬ ለሚኒስትር የሚሆን እንባ አልነበረው ይሆናል፤ በዚህም የምንፈርድበት አይደለንም። ነገር ግን ያን ጧት ደስ ያለው ሰው አንድ ነገር አላስተዋለም። የተገደለው የሚጠላው ሰው ስለነበረ ያለ ፍርድ መገደሉን ቸል አለው።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያው አሠራር ወደ እርሱ ቤት መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሬሳቸው ወረቀት ተለጥፎበት በየመንገዱ የተጣለው ወጣቶች፣ እንደኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። እናት በልጇ ሬሳ ላይ እንዳትጮኽ ተከለከለች። ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ እንደ ወንጀል የታየበት ጊዜ ነበረ። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ እየተባለ ገንዘብ የተጠየቁም ወላጆች ነበሩ። ይህን ስንጽፍ ለመጻፍ ያህል አይደለም። በየቤታችን ያሉ አሮጊቶች ለሌላ ሰው ለቅሶ ሄደው ያለ ልክ ሲያለቅሱ አይተን እንገረም ነበር፤ ከነዚያ አንዳንዶቹ የሚያለቅሱት በዚያን ጊዜ ያልተለቀሰውን መሆኑን የተረዳነው ቆይተን ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሞቱት በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን ነው። በማግስቱ በሕመም ሞቱ ተባለ። በይፋ የተደረገ ቀብር የለም፤ የተቀበሩበትም ቦታ አልተነገረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከመሬት ሥር ተገኘ። በ1967ቱ ኅዳር የተገደሉትም አጽማቸው በዚያው ዓመት ተቆፍሮ ወጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ዐረፈ። የንጉሠ ነገሥቱ ቀብር ግን እስከ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ቆየ። ሃያ አምስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። መንግሥት ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ እንዲሆን አልፈቀደም። አሮጌ አርበኞች ኒሻናቸውን ደርድረው መጡ፤ ከጃማይካና ከሌላም አገር ራስ ተፈሪያውያን መጡ፤ የሕዝቡ ብዛት ግን እንደ ተጠበቀው አልሆነም። አንዳንዶች ይህን አይተው «ሕዝቡ ረስቷቸዋል» አሉ። እኛ ግን ሌላም ምክንያት ይታየናል፤ በ1967 ዓ.ም. ሊያለቅሱላቸው ከሚችሉት ብዙዎቹ በ1993 ዓ.ም. ራሳቸው በመቃብር ነበሩ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቹ ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥም በሌለበት የተፈረደበት ዋናው ሰው ዚምባብዌ ነበረ።

ወደ ጠየቀን ወንድማችን ጥያቄ ስንመለስ፣ ከመጽሐፍ የምናውቀው ንጉሥ ዳዊት ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞታል። ሊገድለው ሲያሳድደው የኖረው ሳኦል በሞተ ጊዜ አንድ አማሌቃዊ ሽልማት አገኛለሁ ብሎ ዘውዱን ይዞ መጣ፤ ያገኘው ግን ሽልማት አይደለም። ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ ሙሾ አወጣ፤ ሳኦልን ለቀበሩት ለኢያቢስ ገለዓድ ሰዎችም ምስጋና ላከ። አበኔር በተገደለም ጊዜ ከቃሬዛው ኋላ ሄደ። እስከዚህ ድረስ ለሰባኪ የሚመች ታሪክ ነው። ሦስተኛው ግን አስቸጋሪ ነው። ልጁ አቤሴሎም ዐምፆበት ሲሞት ዳዊት አምርሮ ስላለቀሰ፣ ሕይወቱን ያተረፉለት ወታደሮች እንዳፈረ ሰው ተሸሽገው ወደ ከተማ ገቡ። ኢዮአብም ገብቶ ገሠጸው፤ የሚወዱህን አዋረድሃቸው አለው። ዳዊትም ሰማው፤ ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ።

ስለዚህ ለቅሶም ሊበድል ይችላል። ይህን በዓለም ታሪክ ብናይ ከግራዚያኒ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝቡን ያስጨፈጨፈው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስረሸነው እርሱ ነው። ጣልያን ከተሸነፈች በኋላ በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ የታሰረው ግን ለጥቂት ወራት ነው፤ ያም ለኛ በደል አይደለም፤ ከጀርመን ጋር ስለ መተባበሩ ነው። ጥር 3 ቀን 1947 ዓ.ም. በሮማ በሕመም ሞተ። በቀብሩ ላይ የቀድሞ ፋሺስቶች እጃቸውን እየዘረጉ ሸኙት። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል መንደር በሕዝብ ገንዘብ ሐውልት ቆመለት። ሚስቱና ዘመዱ ቢያለቅሱለት ማን ይከለክላቸዋል? ያ ሐውልት ግን የዘመድ እንባ አይደለም፤ በደሉ አልነበረም ብሎ መመስከር ነው።

ያው 1929 ዓ.ም. በኛ በኢሉባቦር ምን እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ የአገር መንግሥት ተብሎ የቀረው ጎሬ ነበረ። ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ወደ ጎሬ የመጡት፣ የጥቁር አንበሳ አርበኞችም ከወለጋ ተነሥተው የተሰለፉት ያን ጊዜ ነው። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ይባሉ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር አብረው ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጣልያኖች ጎሬን ሲይዙ ሕዝቡን ለጣልያን ተገዙ ብለው እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ በዚያው በጎሬ ተገደሉ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ አንድ የጣልያን ጋዜጠኛ በዚያ ቆሞ ያየውን ጻፈው፤ ከነጻነት በኋላ ሐውልት ቆመላቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ እርሳቸው ቴአትር ጻፈ። ማንኛውም ተማሪ ስማቸውን ያውቃል። አቡነ ሚካኤል ለዚያው ምክንያት፣ በዚያው ጠላት እጅ፣ በወራት ልዩነት ሞቱ። ግን በጎሬ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ጎሬ ደግሞ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሳትርቅ ከመካከላችን ታሪካቸውን የሚያውቅ ስንጠይቅ እጁን ያወጣ ጥቂት ነው። የሕዝብ ለቅሶ ማን ታላቅ እንደ ነበረ የሚለካ ቢመስለንም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ማን አጠገብ እንደ ነበረና ማን እንደ ጻፈ ነው።

ፍርድም ይለወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት በመቅደላ ራሳቸውን ሲገድሉ፣ ጎንደርን ያቃጠሉ፣ ሰው እጅና እግሩን ያስቆረጡ ንጉሥ ነበሩና በየአገሩ እፎይ ያለ ብዙ ነበር። ዛሬ የእርሳቸውን ስም ለልጁ ያላወጣ መንደር የለም። የእንግሊዝ ወታደሮች ከሬሳቸው ቆርጠው የወሰዱት ጸጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመልሶ ሲመጣ በክብር ነው የተቀበልነው።

በእኛ ዕድሜ ያየነው «አልቅሱ» የሚለውን ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ታላላቅ መርዶ መጣ። በ10 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ አረፉ፤ በ15 ጧት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በውጭ አገር በሕክምና ላይ ሳሉ መሞታቸው ተነገረ። ከዚያ በፊት ለሳምንታት «ይሻላቸዋል፣ ይመጣሉ» ሲባል ሰንብቷልና የ1906ቱን ነገር ያስታወሰ ሽማግሌ አይጠፋም። አስከሬናቸው ሲገባ ሕዝቡ በሌሊት፣ በክረምት ዝናብ ቆሞ ጠበቀ። በየከተማው፣ በየቀበሌው ድንኳን ተተከለ፣ ሻማ በራ፤ ነሐሴ 27 ቀን ቀብራቸው ተፈጸመ። ከልቡ ያለቀሰ ብዙ ነበር፤ ይህን የሚክድ ያን ጊዜ አላየም። ቀርቶ እንዳይታይ ፈርቶ የመጣም ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተደረገው ተኩስ ልጁን ያጣ አባት ደግሞ በቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። በውጭ አገር ካሉት ወገኖቻችን ያዘኑም በይፋ ደስ ያላቸውም ነበሩ። ከውጭ ሆኖ እንባን አይቶ የትኛው ከልብ የትኛው ከፍርሃት እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። የታዘዘ ለቅሶ ትልቁ ጉዳቱም ይህ ነው፤ ከልቡ ያለቀሰውን ሰው እንኳ ያስጠረጥረዋል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ ሲሞት ማንም ሳያዘው አገሩ አለቀሰ፤ ልዩነቱን ሁላችንም አውቀነው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብዳል፤ ቢሆንም መዝለል አይገባም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት በጥይት የተገደለው የኦሮምኛ ዘፋኝ ሃጫሉ ሁንዴሳ በኛም ከተማ ዘፈኑ ከአንደበት የማይጠፋ ወጣት ነበር። ሰኔ 25 ቀን በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። በነዚያ ቀናት በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከነዚህም በጸጥታ ኃይል ጥይት የሞቱ አሉ፣ በጎረቤት እጅ የሞቱም አሉ። በሻሸመኔ የሰው ቤትና ሱቅ ነደደ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሐዘን ገዳዩን ሳያገኝ ሲቀር አጠገቡ ያለውን ይይዛል። አንተ እንደኔ አላዘንህም፣ እንግዲያው ከገዳዮቹ ነህ ማለት ይጀመራል። እኛ ደግሞ በአንድ ሰፈር ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገርን፣ አንድ እድር እየከፈልን የምንኖር ነንና ይህ ነገር ከሩቅ የሚታይ አይደለም።

በመጨረሻው ውይይታችን አንዲት እኅታችን ተነሥታ ክርክሩን አናጋችው። «የፈርዖን ሠራዊት በባሕር ሲሰጥም የሙሴ እኅት ማርያም ከበሮ ይዛ አልዘመረችም ወይ? ታዲያ ለተጨቆነ ሰው ደስታ ለምን ይከለከላል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንዶቻችን ማርያም የዘመረችው ከሞት ስለ ዳነች ነው እንጂ ግብፃዊቷ መበለት ደጃፍ ሄዳ አይደለም አልን። እኅታችን ይህን መልስ በግማሹ ተቀበለችው፤ በግማሹ አልተቀበለችውም። የባሕሩን ዳር የቆመችበት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው ብላ ተቀመጠች። እኛም አብዛኞቻችን የተስማማነው በዚህ ላይ ነው፤ ሲጨነቅ የኖረ ሰው ጨቋኙ ሲሞት እፎይ ቢል «ለምን አላለቀስህም» ብለን አንጠይቀውም፤ የደረሰበትንም ሲናገር «ሙት አትውቀስ» ብለን አፉን አንዘጋም። እርሱም በበኩሉ የሟቹ ልጅ በተቀመጠበት ድንኳን ፊት አይጨፍርም። ልጁ አባቱን አልመረጠም። ቀብርና ፍትሐት ለማንም እንዲከለከል አንፈልግም፤ የተከለከለ ቀብር በዚህ አገር አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ተቆፍሮ ሲወጣ አይተናልና።

ስለ አቡነ ሚካኤል ከላይ የጻፍነው ጥቂት ነው። በጎሬ፣ በመቱ ወይም በቡሬ ዘመድ ያላችሁ አንባብያን፣ ከአያቶቻችሁ የሰሙ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቃችሁ፣ የሰማችሁትን ከማን እንደ ሰማችሁ ጨምራችሁ በወረቀት ጻፉና ለትምህርት ክፍሉ ስጡን። በሚቀጥለው ዕትም አንድ ገጽ ክፍት ትተንለታል።